አሮጌ ግራንድ ፒያኖ ልታሳድሱ ነው? ወርክሾፕ ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ከአራት አመት በፊት እዚህ ሜሪላንድ አንድ የፈረንጅ ቤተክርስቲያን አዳራሹን ሲያጸዳ "መጥቶ ለሚወስድ በነፃ" ብሎ ያወጣውን ግራንድ ፒያኖ ወሰድኩ። ክናቤ ይባላል፣ በ1837 ባልቲሞር የተመሰረተ የድሮ ፋብሪካ ስራ ነው። ልጄ ፒያኖ ትማራለች፣ እኔ ደሞ ነፃ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፣ አስጫንኩትና ቤት ገባ። ከዛ ማሳደሻ ወርክሾፕ ፈልጌ አንድ አገኘሁ፣ ሰውየው አፉ ማር ነው፣ ሾውሩሙ ውስጥ የተደረደሩት ፒያኖዎች ፊትህን ያሳዩሃል፣ እኔም ሌላ ምንም ሳልጠይቅ "እንደዚህ አርግልኝ" ብዬ ቀብድ ከፈልኩ። ከአምስት ወር በኋላ መስታወት የመሰለ ጥቁር ፒያኖ መጣልኝ፣ ዘመድ አዝማድ ፎቶ ተነሳበት።

ብርዱ ገብቶ ሂተር ሲበራ ግን ቅኝቱ ሁለት ሳምንት መቆየት አቃተው። ሌላ ቱነር (ፒያኖ የሚቃኝ ባለሙያ) ጠርቼ ሲያየው የክሮቹ መወጠሪያ ፒኖች አዲስ ናቸው፣ የተተከሉበት እንጨት ግን የጥንቱ ነው፣ ተሰንጥቆ ወፈር ያለ ፒን በላዩ ላይ ተመቶበታል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ አንድ ጋሼ አሉን፣ መጥተው ሁለት ደቂቃ ነካክተው "አንተ ልጅ፣ ያሳደስከው ፒያኖ ነው ወይስ ቁም ሳጥን?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ባትላሜራ ተሰርቶ ስቱኮ ተለጥፎ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፣ ሞተሩ ግን ዘይት ይበላል። እንግዲህ በሁለተኛው ዙር እንዴት እንደመረጥኩ ነው የምነግራችሁ።

1. ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ያላችሁን እወቁ

የፒያኖውን ስም፣ ሲሪያል ቁጥሩን እና ርዝመቱን ጻፉ። ሲሪያሉ ብዙ ጊዜ የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ ኖታ ማስቀመጫውን ስታወጡ ፒኖቹ አካባቢ የብረት ፍሬሙ ላይ ወይም ሳውንድቦርዱ (ከክሮቹ ስር ያለው ሰፊ ስስ እንጨት) ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። በሱ ቁጥር የተሰራበት አመት ይታወቃል። ርዝመቱ ደሞ ክዳኑ ተዘግቶ ከፊት ከቁልፎቹ ጫፍ እስከ ኋላ ጭራው በቀጥታ መስመር ነው የሚለካው።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ፒያኖ ሙሉ እድሳት አያዋጣም። ስታይንዌይ፣ ሜሰን ኤንድ ሃምሊን፣ ከአውሮፓ ቤክስታይን፣ ብሉትነር፣ ቦዘንዶርፈር አይነቶቹ ላይ ብዙ ብር ብታፈሱ ከታደሱ በኋላም ዋጋ አላቸው (በነገራችን ላይ ስታይንዌይ፣ ቤክስታይን እና ብሉትነር ሶስቱም የተመሰረቱት በአንድ አመት በ1853 ነው፣ የሚገርም ነው)። እንደኔ ክናቤ አይነቱ ደሞ ጥሩ ፒያኖ ሆኖ ሳለ ያፈሰሳችሁበትን ብር ስትሸጡት አታገኙትም። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ እድሳት 20 ሺህ ዶላርን በቀላሉ ያልፋል፣ በጣም ባነሰ ዋጋ "ሙሉ ነው" የሚላችሁ ካለ የትኛው ስራ እንደቀረ ጠይቁት። እኔ ለምን አሳደስኩት ካላችሁ ልጅቷ ወደደችው፣ በቃ፣ ግን ኪሳራ መሆኑን አውቄ ነው የገባሁት። ከታወቁት ስሞች ውጪ የሆነ አጭር ግራንድ ከሆነ ያላችሁ፣ አንድ ታማኝ ወርክሾፕ ራሱ "ይቅርባችሁ" ሊላችሁ ይገባል፣ እንደዛ ካላችሁ ስልኩን አትጣሉት፣ ለሌላ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

2. ከስራው የማይጠቀም ባለሙያ ቅጠሩ

ይሄን እርምጃ ነው እኔ የዘለልኩት። ወርክሾፑ ራሱ መርምሮ ራሱ ዋጋ ሲያወጣ፣ ያው ጋራዥ "ሞተሩ መውረድ አለበት" እንደሚላችሁ ነው፣ ላይወርድም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፒያኖውን የማያድስ፣ ከማንም ኮሚሽን የማይበላ ቴክኒሻን ከፍላችሁ አስመርምሩ።

አሜሪካ ውስጥ በ1957 የተቋቋመ የፒያኖ ቴክኒሻኖች ማህበር አለ፣ ፒያኖ ቴክኒሻንስ ጊልድ ይባላል፣ ሶስት ፈተና ያለፈ ሰው (አንዱ የጽሁፍ፣ አንዱ የቅኝት፣ አንዱ የጥገና) ሬጅስተርድ ፒያኖ ቴክኒሻን የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። ድረገጻቸው ላይ በአካባቢያችሁ ያለውን መፈለግ ይቻላል። ጀርመን ያላችሁ ደሞ ክላቪርባወር ማይስተር የሚል ወረቀት ያለውን ፈልጉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጥሩ ቃኚ ሁሉ አዳሽ አይደለም፣ ማዕረጉ መቃኘትና መጠገን መቻሉን እንጂ ሙሉ ፒያኖ አፍርሶ መስራቱን አያረጋግጥም። ለምርመራ ግን ይበቃል።

ሰውየው ሲመጣ ቡና አፍሉለትና አብራችሁ እዩ፣ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ። እነዚህን ማየት አለበት፦

የብረት ፍሬሙ ስንጥቅ አለው ወይ? ግራንድ ፒያኖ ከ200 በላይ ክሮች አሉት፣ ሁሉም ተወጥረው በአንድ ላይ ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ጉልበት ይጎትታሉ፣ ያንን የሚሸከመው ይሄ ብረት ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ ጨዋታው እዛው ያበቃል።

ፒንብሎኩ ማለትም ፒኖቹ የተተከሉበት ወፍራም እንጨት ይይዛል ወይ? ቶርክ (ለማዞር የሚፈልገውን ጉልበት) በሚለካ መፍቻ የተለያየ ቦታ ያሉ ፒኖችን ይሞክራል። በእጅ ብቻ "ጥሩ ነው" ካላችሁ ቁጥሩን ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።

ሳውንድቦርዱ ክራውን (ጉብጠት) አለው ወይ? ይሄ ስስ የስፕሩስ እንጨት ወደ ክሮቹ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ድምፁን የሚያወጣው እሱ ነው። ከስር ገብታችሁ ረጅም ክር ከዳር እስከ ዳር በአንዱ ሪብ (ከቦርዱ ስር የተለጠፈ ደጋፊ እንጨት) ጎን ወጥራችሁ ያዙ፣ መሃሉ ላይ በክሩና በእንጨቱ መሃከል ትንሽ ክፍተት ካለ ጉብጠቱ አለ ማለት ነው። ልጆቻችሁም ይችሉታል። ስንጥቅ ብታዩ አትደንግጡ፣ ስንጥቅ ብቻውን ሳውንድቦርድ አይገድልም፣ በቀጭን ስፕሩስ ተሞልቶ ለአመታት ይኖራል። አስፈሪው ሪቦቹ ከቦርዱ ተላቀው ሲንዘረዘሩ ወይም ጉብጠቱ ጭራሽ ሲጠፋ ነው።

ከዛ ብሪጆቹ (ክሮቹ የሚያልፉባቸው እንጨቶች፣ ፒናቸው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ድምፁ ይወዛወዛል)፣ ክሩን የሚመቱት መዶሻዎች ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ምን ያህል ክር እንደቆረጠው፣ አክሽኑ (ቁልፉ ሲነካ መዶሻውን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል)። ሪፖርቱን በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ከፎቶ ጋር።

3. "ማደስ" የሚለው ቃል ይሸውዳል

እኔና የመጀመሪያው ወርክሾፕ የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። እሱ "አድሻለሁ" ይላል፣ እኔም "አላደስክም" እላለሁ፣ ሁለታችንም በየራሳችን ልክ ነን። በስራው አለም ውስጥ ሪኮንዲሽኒንግ የሚሉት አለ፣ ማጽዳት፣ ማስተካከል፣ የተበላሸውን ብቻ መቀየር፣ የድሮውን እንጨት እንዳለ ይዞ። ሪቢልዲንግ የሚሉት ደሞ አለ፣ ክሩ ሁሉ ይወጣል፣ የብረት ፍሬሙ በክሬን ይነሳል፣ ፒንብሎክ ይቀየራል፣ ሳውንድቦርዱ ይጠገናል ወይ ይቀየራል፣ መዶሻና አክሽን አዲስ ይገባል። አንዱ ሰርቪስ ነው አንዱ ኦቨርሆል ነው። "ሬስቶሬሽን" የምትለዋ ቃል ግን እንደተናጋሪው ነች፣ አንዳንዱ ቀለም ቀብቶም ሬስቶሬሽን ይላል። ስለዚህ ቃሉን ተዉት፣ "የብረት ፍሬሙ ከፒያኖው ይወጣል ወይስ አይወጣም?" ብላችሁ ጠይቁ። ፒንብሎክ ለመቀየር የግድ መውጣት አለበት፣ ካልወጣ የቀረው ወሬ ነው።

4. ሾውሩሙን ሳይሆን ጓዳውን እዩ

ሶስት ወርክሾፕ መርጣችሁ በአካል ሂዱ፣ ሩቅ ቢሆንም ሂዱ፣ እኔ ለሁለተኛው አራት ሰአት ነድቻለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ "በስራ ላይ ያለ ፒያኖ ማየት እፈልጋለሁ" በሉ። ጓዳውን ለማሳየት ያቅማማ ሰው ጋር ጊዜ አታጥፉ። ጥሩው ሰውዬ እንደውም ማስረዳት አይሰለቸውም፣ የሚያቅታችሁ ሲያወራ ማስቆም ነው።

ምን ታያላችሁ? ፍሬሙ የወጣ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ፒያኖ ቢያንስ አንድ። ግድግዳ ላይ የእርጥበት መለኪያ (እንጨት የሚሰራ ሰው እርጥበት ካልተቆጣጠረ ዛሬ የለጠፈው ነገ ይላቀቃል)። እያንዳንዱ ከፒያኖ የወጣ ዕቃ ስም ተጽፎበት መቀመጡ። እኔ የገባሁበት ቦታ ብሎኖቹ ራሱ ካርቶን ላይ በየቦታቸው ተሰክተው ነበር፣ የፍሬሙ ቅርጽ ካርቶኑ ላይ ተስሎ። ያን ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ቀጥሎ ጥያቄ። ብዙ አትጠይቁ፣ እነዚህን ብቻ፣ መልሱን ደሞ ጻፉ።

"ምን ቁጥር ፒን ትጠቀማለህ?" ይሄ ቀላል መስሎ ወጥመድ ነው። ፋብሪካ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው 2/0 የሚባለው ነው፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ገደማ። የድሮውን ፒንብሎክ ሳይቀይር ክር ብቻ የሚለውጥ ሰው ወፈር ወዳለው 3/0 ወይም 4/0 ይሄዳል፣ ቀዳዳው ስለሰፋ። ስለዚህ "አዲስ ፒንብሎክ አስገባለሁ" ብሎ "4/0 ነው የምጠቀመው" ካላችሁ ነገሩ አልገጠመም፣ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ። የኔው ፒያኖ ላይ ከመጀመሪያው እድሳት በኋላ የተገኘው 4/0 ነበር፣ በድሮው እንጨት ላይ።

"ሳውንድቦርዱ ይቀየር ወይስ ይጠገን?" በስልክ፣ ፒያኖውን ሳያይ "መቀየር አለበት" የሚል አለ፣ "እኛ መቼም አንቀይርም፣ ኦርጅናሉ ነው ድምፁ" የሚልም አለ። ሁለቱም ፒያኖውን አላዩም። ጥሩ መልስ "ፍሬሙ ሲወጣ ጉብጠቱን ለክቼ፣ ፎቶ ልኬላችሁ አብረን እንወስናለን፣ ዋጋው እንዲህ ከሆነ ይሄ፣ እንዲያ ከሆነ ያ" አይነት ነው። ይሄ ጉዳይ ባለሙያዎቹንም ራሳቸውን ያጨቃጭቃል፣ ስለዚህ መልሱ ሳይሆን እንዴት እንደሚወስን ነው የምትሰሙት።

"መዶሻ ከየት? ክብደቱንስ እንዴት ትመርጣለህ?" ሬነር እና አቤል የሚባሉ የጀርመን አምራቾች የታወቁ ናቸው፣ ስታይንዌይም የራሱን ዕቃ ይሸጣል። ግን ብራንዱ ብቻ አይበቃም። ከባድ መዶሻ በድሮ አክሽን ላይ ስታስገቡ ቁልፉ ጭነት ይሆናል፣ የልጅ ጣት ይደክማል። ጥሩ አዳሽ መጀመሪያ ያለውን ይመዝናል። እናንተም መሞከር ትችላላችሁ፣ የቀኙን ፔዳል ረግጣችሁ መሃል ላይ ያለ ነጭ ቁልፍ ጫፍ ላይ የአሜሪካ ኒክል ሳንቲም ደርድሩ፣ አንዱ ልክ 5 ግራም ነው፣ 10 ሳንቲም አካባቢ ስትደርሱ ቁልፉ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። 14 እና 15 ከፈለገ ከባድ ነው። የታደሱ ፒያኖዎቹ ላይ ይሄን ስታደርጉ ሰውየው ሳቀ ወይስ ተቆጣ? የኔው ሳቀና የራሱን መመዘኛ አመጣ።

"የትኛውን ስራ ውጪ ትሰጣለህ?" ብዙ ወርክሾፕ ቀለሙን ወይ የቁልፍ ሽፋኑን ለሌላ ይሰጣል፣ ነውር የለውም። መደበቁ ነው ነውሩ።

5. የቆየ ስራ ስሙ

ሪፈረንስ ስትጠይቁ "ባለፈው ወር ያስረከብኩት" እንዳይሰጣችሁ። አዲስ የታደሰ ፒያኖ ሁሉም ያምራል፣ እኔም ጋ ለሶስት ወር ያምር ነበር። አምስት አመትና ከዛ በላይ የሆነው ስራ ይሰጣችሁ፣ ብዙ በጋና ብርድ ያለፈበት። ባለቤቱን ደውላችሁ "ደስ ይልሃል?" አትበሉት፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው፣ ብዙ ብር ያፈሰሰበትን ማን ያማል። ይልቅ "ማነው የሚቃኝልህ?" በሉትና ለዛ ቱነር ደውሉ። ቱነሮች የማን ስራ እንደሚይዝ የማን እንደሚላቀቅ በየቀኑ ክንዳቸው ላይ ያውቁታል። እኔ ሁለተኛውን ወርክሾፕ ያገኘሁት እንደዛ ነው፣ ሶስት ቱነር ጠይቄ ሁለቱ አንድ ስም ጠሩ።

6. ውሉ

ዋጋው በአንድ ድምር እንዳይጻፍ። ፒንብሎክ ይሄን ያህል፣ ክርና ፒን ይሄን ያህል፣ ሳውንድቦርድ፣ መዶሻና ሻንክ (የመዶሻው እጀታ)፣ ዳምፐር ፌልት (ክሩን ዝም የሚያሰኘው)፣ የቁልፍ ቡሺንግ (ቁልፉ እንዳይንገጫገጭ የሚለጠፍ ጨርቅ)፣ ሬጉሌሽን (አክሽኑን ማስተካከል)፣ ቮይሲንግ (የመዶሻውን ፌልት ነካክቶ ድምፁን ማስተካከል)፣ ቀለም፣ ማጓጓዣ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። "አክሽን ሰርቪስ" የሚል ደብዛዛ መስመር ካያችሁ ይዘርዘር።

ከዛ አገር ቤት ጋራዥ እንደምናደርገው "የወጣውን ዕቃ አምጣ" በሉ። ውሉ ላይ አስጽፉት። የድሮው ፒንብሎክ፣ የድሮዎቹ 88 መዶሻዎች፣ የባስ ክሮቹ በሳጥን ሆነው ይመለሱላችሁ። የሁለተኛው ወርክሾፕ ሰውዬ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዛ ግን ምክንያቱን ስነግረው "ሁሉም ደንበኛ እንዲህ ቢጠይቅ" አለኝ። ፍሬሙ ሲወጣ፣ አዲሱ ፒንብሎክ ሲገጠም፣ ክሩ ሲወጠር ፎቶ ይላክ፣ ፎቶው ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ይታይ።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ሲሶ ቀብድ፣ ሲሶ ክር ተወጥሮ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ደሞ በተራ ቁጥር 2 ላይ የቀጠራችሁት ቴክኒሻን ሄዶ ካየ በኋላ። ከግማሽ በላይ ቀድሞ የሚጠይቅ፣ በናንተ ብር የሌላ ሰው ፒያኖ እየጨረሰ ሊሆን ይችላል። ወርክሾፑ ውስጥ እያለ እሳት ወይ ውሃ ቢደርስበት የማን ኢንሹራንስ እንደሚከፍልም ይጻፍ፣ የቤታችሁ ኢንሹራንስ ይሸፍናል ብላችሁ እንዳትገምቱ። ጊዜ በተመለከተ አትቸኩሉ፣ ሙሉ ስራ ከግማሽ አመት በላይ ይፈጃል፣ አንድ አመትም የተለመደ ነው፣ "በስድስት ሳምንት" የሚላችሁ ቀለም ቀቢ ነው።

7. ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ ከሆኑ

ይሄን ብዙ ሰው አያስብም። የድሮ ፒያኖ ነጭ ቁልፍ ላይ ከፊት በኩል አንድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ካያችሁና እንደ እንጨት ደም ስር ያለ ስስ መስመር ካለው የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ከ2016 ጀምሮ በዚህ ንግድ ላይ በጣም ጥብቅ ሆናለች፣ ድንበር ማሻገር ደሞ ያለ ፈቃድ አይታሰብም። "አሳድሼ አዲስ አበባ ለቤተሰብ እልካለሁ" የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይሄን ጨርሱ፣ ወይ በፕላስቲክ አስቀይሩ። ወርክሾፑ ስለዚህ ህግ ምንም ካላወቀ ሌላም ብዙ ነገር አያውቅም ማለት ነው።

ስታይንዌይ ያላችሁ ደሞ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ የተሰሩት ላይ አክሽኑ ውስጥ በፌልት ፋንታ ቴፍሎን የገባባቸው አሉ፣ አየሩ ሲቀያየር ጠቅ ጠቅ ይላሉ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት። ከዛ በፊት ባሉት የድሮዎቹ አንዳንዶቹ ላይ ደሞ መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ፣ ቁልፉን ያዘገየዋል፣ አጽድተውት ተመልሶ ይመጣል፣ ክፍሎቹን መቀየር ነው የሚሻለው።

8. ሲመለስ

ፒያኖው ቤት በገባ ማግስት አታስቃኙ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ቤቱን ይልመድ። አዲስ ክር ይለጠጣል፣ በመጀመሪያው አመት ቢያንስ አራት ጊዜ መቃኘት አለበት፣ ከነዛ ውስጥ ስንቱ በዋጋው ውስጥ እንዳለ ውሉ ላይ ይኑር። ከወራት በኋላም ፌልቱ ስለሚረጋ ሬጉሌሽኑ አንዴ መነካት አለበት፣ ያም እንደዛው። የሂተር አየር ከሚወጣበት አርቁት፣ መስኮት ስርም አታድርጉት፣ የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 50 ፐርሰንት መሃል ቢሆን ጥሩ ነው፣ መለኪያው ርካሽ ነው ግዙት። የኔው አሁን ሁለተኛ ብርዱን ጨርሷል። ቀለሙ ላይ የቀረ ጭረት አለ፣ ብር አልቆብኝ ቀለሙን ተውኩት፣ ጋሼ ባለፈው ሲመጡ እዛ ጭረት ላይ የቡና ስኒያቸውን ሊያስቀምጡ ነበር፣ ልጄ ነች ከእጃቸው የተቀበለቻቸው።